ከጦር ሚኒስቴርነት ወደ ሆቴልነት፤ የአንድ የለንደን ሕንፃ ታሪክና ትምህርቱ

ሕንፃ ከሠሪዎቹ ዕድሜ አልፎ፣ የታነጸለት ዓላማ ካበቃም በኋላ ሊኖር ይችላል። መንግሥታት ይለዋወጣሉ፤ መሥሪያ ቤቶች ይዋሐዳሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ስማቸውም ይቀየራል፤ በሚገባ የተጣለ መሠረትና በሚገባ የተገነባ ግድግዳ ግን ባለቤቱንና ተግባሩን እየለወጠ በቦታው ይቆማል። ስለዚህም በየታላላቁ ከተማ «ይህ የቆመ ሕንፃ ከእንግዲህ ለምን ተግባር ይዋል?» የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሱና ለአርክቴክቱ አዲስ ሕንፃ ከመሥራት ያላነሰ የሙያ ፈተና ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ጥያቄ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በየአገሩ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የቀድሞውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ተንደላቀቀ ሆቴል መለወጥ ነው። በሲንጋፖር በ1928 ተመርቆ የነበረው ዋናው ፖስታ ቤት በ2001 የፉለርተን ሆቴል ሆኗል፤ በዋሽንግተን በ1899 የተጠናቀቀው አሮጌው ፖስታ ቤትም በ2016 በሆቴልነት ተከፍቷል። በለንደን ደግሞ የብሪታንያ የጦር ሚኒስቴር ዋና መቀመጫ የነበረው የዋይትሆል ሕንፃ ከ2023 ጀምሮ ራፍልስ በተባለው የሆቴሎች ስም እንግዳ ይቀበላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ የለንደን ሕንፃ ለኢትዮጵያውያን የሙያ ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጥበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ቴክኒካዊ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የድንጋይና የጡብ ሕንፃ ተግባሩን ሙሉ በሙሉ ሲለውጥ ምን እንደሚያስፈልገው በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛው ታሪካዊ ነው፤ በ1940ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ነጻነት የሚነኩ ጉዳዮች ካለፉባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ምክንያቶች ሲገናኙ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ግድግዳው በጥንቃቄ ሲጠበቅ፣ በግድግዳው ውስጥ የተሠራው ሥራ ትዝታ በማን ይጠበቃል?

የሕንፃው አመሠራረት

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ የብሪታንያ የጦር ሚኒስቴር ፖል ሞል በተባለው ጎዳና ላይ በነበሩ፣ ለመኖሪያነት በተሠሩና እየተቀጣጠሉ በሰፉ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ተበታትኖ ይሠራ ነበር። ሠራተኛው በጠባብ ክፍሎች ተጨናንቆ፣ መዝገብ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በመልእክተኛ እየተመላለሰ ሥራው ይጓተት ስለ ነበር፣ መንግሥቱ በዋይትሆል ጎዳና ላይ አንድ ራሱን የቻለ ሕንፃ እንዲሠራ ወሰነ። ንድፉን እንዲያዘጋጅ የተመረጠው የግላስጎው ከተማ ማዘጋጃ ቤትን የሠራው እስኮትላንዳዊው አርክቴክት ዊልያም ያንግ ነበር።

ያንግ ሕንፃው ተሠርቶ ለማየት አልታደለም። በ1900 ዐረፈ፤ ሥራውንም ልጁ ክላይድ ያንግ ከመንግሥት የሥራዎች መሥሪያ ቤት ባለሙያ ከሰር ጆን ቴይለር ጋር ሆኖ ከፍጻሜ አደረሰው። ግንባታው አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶ ሕንፃው በ1906 አገልግሎት መስጠት ጀመረ፤ ወጪውም ከ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። ለሥራው ወደ 26,000 ቶን የሚጠጋ የፖርትላንድ ድንጋይና 25 ሚሊዮን ያህል ጡብ እንደ ገባበት ይነገራል። ሰባት ደርብ፣ 1,000 ያህል ክፍሎች፣ በድምሩም 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መተላለፊያ ነበረው። መተላለፊያዎቹ ከመርዘማቸውና ከመስፋታቸው የተነሣ ተላላኪ ልጆች በብስክሌት ይመላለሱባቸው እንደ ነበር እስከ ዛሬ ይተረካል።

ለንድፍ አውጪው ከባዱ ችግር የቦታው ቅርጽ ነበር። መሬቱ በነባር ጎዳናዎች መካከል የተያዘ፣ አራቱ ጎኖቹ እኩል ያልሆኑ፣ ማዕዘኖቹም ቀጥ ያልሉ መደብ ነው። ያንግ ይህን ጉድለት ለመደበቅ በየማዕዘኑ ክብ ግንብ አቁሞ በላዩ ጉልላት ደፋበት። ክብ ነገር ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከመንገድ ላይ የሚመለከተው ሰው ግድግዳዎቹ በቀጥታ ማዕዘን አለመገናኘታቸውን አያስተውልም። ችግሩን በጌጥ የሸፈነ ቢመስልም መፍትሔው የጂኦሜትሪ መፍትሔ ነው። የገጽታው አሠራርም በአቅራቢያው ካለው፣ ኢኒጎ ጆንስ በ1622 ከፈጸመው የባንኬቲንግ ሃውስ አዳራሽ ጋር እንዲስማማ ተብሎ የታሰበ ነው። ከላይ ያሉትን ምስሎች የቀረጸው አልፍሬድ ድሩሪ ሲሆን፣ ሰላምንና የጦርነትን መከራ፣ እውነትንና ፍትሕን፣ ዝናንና ድልን ይወክላሉ።

ሌላው ችግር ከመሬቱ በታች ነበር። ቦታው ለቴምዝ ወንዝ ቅርብ በመሆኑ አፈሩ ውሃ ያዘለ ነው። ይህን ያህል ክብደት ያለው ግንብ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ሲያርፍ አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጥ እንዳይሰምጥ ሸክሙን በሰፊው የሚያከፋፍል ወፍራም የኮንክሪት መሠረት ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

ሕንፃው የአንድ ዘመን ማብቂያ ምልክትም ነው። በዚያው በ1906 ከዚህ ሥፍራ ብዙ ሳይርቅ በፒካዲሊ ጎዳና የተከፈተው የሪትዝ ሆቴል በብረት አጽም ላይ ከቆሙት የለንደን ታላላቅ ሕንፃዎች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በሪትዝ ድንጋዩ የብረቱ ልብስ ነው፤ በጦር ሚኒስቴሩ ግን ግንቡ ራሱ ተሸካሚ ነው። ይሁንና የዚያን ጊዜው የለንደን የግንባታ ሕግ ለብረት አጽም የተለየ ደንብ ስላልነበረው የሪትዝም ግድግዳ እንደ ተሸካሚ ግንብ ወፍሮ መሠራት ነበረበት፤ ሕጉ ከዕውቀቱ ጋር የተስተካከለው በ1909 ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ሆቴል በአዲሱ ዘዴ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት በአሮጌው ዘዴ ተሠሩ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለተኛውም ሆቴል ሆነ።

ተቋሙና ሕንፃው

ሕንፃ ሲጀመር የታሰበለት መሥሪያ ቤት ሕንፃው ሲያልቅ ላይገኝ ይችላል። የዋይትሆሉ ሕንፃ የዚህ ምሳሌ ነው። የእንግሊዝ ጦር በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት የገጠመው ችግር ብርቱ ወቀሳ አስከትሎ ስለ ነበር፣ ሎርድ ኤሸር የመራው ኮሚቴ በ1904 ሚኒስቴሩ እንደ ገና እንዲደራጅ አደረገ። በዚህም የጠቅላይ አዛዥነት ሥልጣን ተሰርዞ በምትኩ የጦር ምክር ቤት ተቋቋመ። ግድግዳው ገና ሳያልቅ በውስጡ የሚቀመጠው ሥልጣን ተለወጠ ማለት ነው። ሕንፃው ከተከፈተ በኋላ ግን በፊት ለፊቱ በ1907 በፈረስ ላይ ተቀምጦ የቆመው የካምብሪጁ መስፍን ሐውልት ነው፤ እርሱም ለ39 ዓመት ጠቅላይ አዛዥ ሆኖ ለውጥን በመቃወም የታወቀ ነበር። የተሻረው ሥልጣን በነሐስ ተቀርጾ ደጅ ቆሞ፣ የሻረው አዲሱ ደንብ በውስጥ ሥራውን ቀጠለ።

አዲሱን መሥሪያ ቤት በሚኒስትርነት የያዘው ሪቻርድ ሃልዴን እስከ 1912 ድረስ ጦሩን አሻሻለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሎርድ ኪችነር፣ ቀጥሎም ሎይድ ጆርጅ፤ ከጦርነቱ በኋላ ከ1919 እስከ 1921 ዊንስተን ቸርችል በዚሁ ሕንፃ ሠርተዋል። የዐረቦችን አመፅ በመደገፍ ስሙ የገነነው ቲ. ኢ. ሎሬንስ በ1914 በሚኒስቴሩ የካርታ ክፍል ተቀጥሮ ነበር። ለሁልጊዜ ይበቃል የተባለው ሕንፃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠብቦ በጦርነቱ ጊዜ በጣራው ላይ ተጨማሪ ክፍሎች እስከ መሥራት ተደረሰ፤ ሠራተኞቹም በጊዜው ለንደንን ይደበድቡ በነበሩት የጀርመን የአየር መርከቦች ስም «የዜፔሊን ሰገነት» ብለው ሰየሟቸው።

ኢትዮጵያ በዚህ ሕንፃ ውስጥ

የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት በሰኔ 1940 ብሪታንያ ላይ ጦርነት ባወጀ ጊዜ የኢትዮጵያ አርበኞች አምስተኛ የትግል ዓመታቸውን ይዘው ነበር። በዚያ ወቅት የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ነበር። በጦር ሚኒስቴሩ ሥር ስለ ሽምቅ ውጊያ የሚያጠና አንድ ትንሽ የስለላ ጥናት ክፍል ይገኝ ነበርና፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ቅርንጫፉ «ተልእኮ 101» የተባለውን ቡድን አዘጋጀ። በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ይህ ቡድን በነሐሴ 1932 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ በእርሻ ሥራ የኖረ፣ አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ቡድኑ ጎጃም ሲደርስ ያገኘው በባዶ ሜዳ ላይ የሚጠብቅ ሕዝብ ሳይሆን፣ በየአውራጃው ጠላትን በምሽጉ ውስጥ ወስኖ የያዘ የተደራጀ የአርበኞች ኃይል ነው።

በጥቅምት መጨረሻ 1940 ኢደን ካርቱም ድረስ ሄዶ ከጄኔራል ዌቭል፣ ከደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ከስመትስና ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኘ። በዚያም ለአርበኞቹ የሚሰጠው ርዳታ እንዲጨምር ተወሰነ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። እነዚህ ሁለቱ ቀኖች እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ነገር ግን በጦር ሜዳ የተገኘው ነጻነት በወረቀት ላይ ገና አልተገኘም ነበር። ብሪታንያ በ1938 ከኢጣልያ ጋር ባደረገችው ስምምነት ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት መሆኗን በሕግ አውቃ ነበር። ከዚህ የተነሣ የኢጣልያ ጦር ሲባረር በለንደን የተያዘው የሕግ ሐሳብ «የጠላት ግዛት ተይዟል» የሚል ሆነ። ለአስተዳደሩ የተሰጠው ስም እንኳ «የተያዘው የጠላት ግዛት አስተዳደር» ነበር፤ ተጠሪነቱም ለዚሁ ለጦር ሚኒስቴር ሆነ። በዋና የፖለቲካ ሹምነት የተሾመው ሰር ፊሊፕ ሚቸል ነው። ከአምስት ዓመት ትግል በኋላ ባንዲራውን መልሶ የሰቀለ ሕዝብ፣ በዋይትሆል መዝገብ አርእስት ላይ አገሩ «የጠላት ግዛት» ተብሎ ተጻፈ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን በዝምታ አልተቀበለም። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ በሳምንቱ፣ ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሚኒስትሮቻቸውን ሾሙ። በአዲስ አበባ የነበረው የእንግሊዝ የፖለቲካ ሹም ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም በማለት ተቃወመ፤ ሹመቱ ግን አልተሻረም። በለንደንም በኩል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በየካቲት 1941 በኢደን አፍ የኢትዮጵያን ነጻ መንግሥትነት እንደሚደግፍ ለምክር ቤት አሳውቆ ስለ ነበር፣ ቃሉና የወታደራዊው አስተዳደር አሠራር ሊስማሙ አልቻሉም። ክርክሩ ስምንት ወር ያህል ከፈጀ በኋላ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የመጀመሪያው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ ነጻነትን አወቀ፤ ነገር ግን ኦጋዴንን፣ «የተከለለ ቦታ» የተባለውን ክልልና የባቡሩን መሥመር በእንግሊዝ ጦር እጅ አቆየ፤ ለብሪታንያም መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቅድሚያ ሰጠ። በእነዚህ ዓመታት የኢትዮጵያ ገበያ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይገበያይ ነበር። በታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ባቡሩን መለሰ፤ የመልእክተኛውንም ቅድሚያ አስቀረ። የኦጋዴን አብዛኛው ክፍል በ1948፣ ሐውድና የተከለለው ቦታ ደግሞ በ1955 ተመለሱ።

ኤርትራም እስከ 1949 ድረስ በዚሁ በጦር ሚኒስቴር ተጠሪነት በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይታለች። መሐንዲሶች ከማይረሷቸው የዚያ ዘመን ድርጊቶች አንዱ ከምፅዋ እስከ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር ያህል በአየር ላይ ተዘርግቶ የነበረው፣ ሕዝቡ ቴሌፌሪካ የሚለው የሽቦ መጓጓዣ መፈታቱ ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣ የነበረ፣ በዘመኑ በርዝመቱ በዓለም ወደር ያልነበረው ሥራ በብሪታንያ አስተዳደር ዘመን ተነቅሎ ተወሰደ።

ስለዚህ የዋይትሆሉ ሕንፃ ለኢትዮጵያ የወዳጅም የባለጋራም ቤት ሆኖ ቆይቷል። ለአርበኞች የጦር መሣሪያ እንዲላክ የታሰበውም፣ የአርበኞቹ አገር «የጠላት ግዛት» እንድትባል የተደረገውም በአንድ ሚኒስቴር ሥር ነው። ይህን ሁለት ገጽታ አንድ ላይ ያልያዘ የሕንፃው ታሪክ ጎደሎ ነው።

ከመንግሥት እጅ መውጣቱ

በሚያዝያ 1964 የጦር ሚኒስቴር ከባሕር ኃይልና ከአየር ኃይል ሚኒስቴሮች ጋር በመከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ተጠቃለለ። ሕንፃውም «አሮጌው የጦር ሚኒስቴር» ተብሎ በመከላከያ እጅ እስከ 2013 ቆየ። ከዚያ በኋላ የወጪ ቅነሳ ፖሊሲ የነበረው መንግሥት ሕንፃውን ለገበያ አቀረበው። በ2014 መጨረሻ መነሻው ከሕንድ ክፍለ አህጉር የሆነው የሂንዱጃ ቤተሰብ ኩባንያ ከአንድ የስፔን የግንባታ ድርጅት ጋር ሆኖ ለ250 ዓመት በሊዝ ለመያዝ ተስማማ፤ ክፍያው ከ350 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደ ሆነ ተዘግቧል። የብሪታንያ ግዛት ጦር ይመራበት የነበረው ቤት ከቀድሞው ግዛት የመነጨ ቤተሰብ ይዞታ መሆኑ የዘመንን መገላበጥ የሚያሳይ ነው።

ከ1,000 ያህል ክፍሎች ውስጥ 120 የሆቴል ክፍሎችና 85 መኖሪያዎች እንዲወጡ ተደርጎ፣ ምግብ ቤቶች፣ አዳራሽ፣ መታጠቢያና የዋና ገንዳ ተጨምረው ሆቴሉ በመስከረም 29 ቀን 2023 ተከፈተ። የልወጣው ወጪ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደ ሆነ ይነገራል። የሕንፃውን ሥራ ኢ.ፒ.አር. የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት፣ የውስጥ ማስዋቡን ፈረንሳዊው ቲየሪ ዴስፖን መርተውታል። ዊልያም ያንግ ሕንፃው ሳይጠናቀቅ እንዳረፈ ሁሉ ዴስፖንም ሆቴሉ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ዐረፈ።

የልወጣው ምሕንድስና

የቀድሞ መሥሪያ ቤት ወደ ሆቴል ሲለወጥ ለመሐንዲሱ የሚያመቹም የሚያስቸግሩም ነገሮች አሉ። ከሚያመቹት አንዱ የወለሉ አቅም ነው። የመኝታ ክፍል ወለል በዘመኑ ደንቦች መሠረት በካሬ ሜትር 2 ኪሎኒውተን ያህል ተንቀሳቃሽ ሸክም እንዲችል ይጠበቃል፤ የቢሮ ወለል ከ2.5 እስከ 3፣ የመዝገብ ማከማቻ ወለል ደግሞ 5 እና ከዚያም በላይ። መዝገብ እንዲሸከም የተሠራ ወለል አልጋና ወንበር ሲቀመጥበት ሸክሙ ይቀልለታል እንጂ አይከብደውም። የጣራዎቹ ከፍታ የአየር ማስተላለፊያ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መሥመር ለመደበቅ ይበቃል፤ በየክፍሉ የነበሩት አሮጌ የጭስ መውጫዎችም እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ለአዲስ መሥመሮች መተላለፊያነት ይውላሉ። ውስጠኛ ግቢዎቹ ለክፍሎች ብርሃን ይሰጣሉ። ወፍራሙ ግንብ ድምፅን ያግዳል፤ ሙቀትንም ቶሎ አያስገባም፣ ቶሎም አያስወጣም።

የሚያስቸግሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ በአንድ ደርብ ጥቂት የንጽሕና ክፍሎች ይበቃሉ፤ በሆቴል ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይሻል። ስለዚህ ውሃና ፍሳሽ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱባቸው በርካታ ቀዳዳዎች በተሸካሚ ግንብና በአሮጌ ወለል ውስጥ መበሳት አለባቸው። የእሳት አደጋ ደንብ ተጨማሪ ደረጃዎችንና የተከለሉ መውጫዎችን ያዛል። ሁለትና ሦስት ቢሮዎችን አንድ ክፍል ለማድረግ የሚፈርሰው ግድግዳ ተሸካሚ ከሆነ በምትኩ የብረት አግዳሚ መግባት አለበት። ሕንፃው በጥበቃ መዝገብ ውስጥ ከፍ ባለ ደረጃ የተመዘገበ በመሆኑ ደግሞ ለእያንዳንዱ መብሳትና ማፍረስ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚከብደው ከመሬት በታች ያለው ሥራ ነው። ለመታጠቢያውና ለገንዳው በነባሩ ሕንፃ ሥር ተጨማሪ ጥልቀት ተቆፍሯል። የቆመ ግንብ ሥሩን ሲቆፈር ሸክሙ ከአሮጌው መሠረት ወደ አዲሱ በጥቂት በጥቂቱ፣ በተራ መተላለፍ ይኖርበታል። በአንድ ጊዜ ብዙ ርዝመት ከተገለጠ ግንቡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በዘመናት በተሠራው የእንጨት ልባስና የጠጠር ወለል ላይ ወዲያው ይታያል። በወንዝ አጠገብ ባለ አፈር ላይ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃውን ሲቀንሱ የጎረቤት ሕንፃዎች እንዳይሰምጡ በየዕለቱ መለካት ግድ ነው። እንግዳው በገንዳው ውስጥ ሲዋኝ ይህን ሁሉ አያስብም፤ እንዳያስብ ማድረጉም የመሐንዲሱ ክብር ነው።

የሚጠበቀውና የሚጠፋው

በእጅ የተሠራው የጠጠር ወለል፣ የኦክ እንጨት ልባሱ፣ ታላቁ የዕብነ በረድ ደረጃ ሁሉም በባለሙያ እጅ ታድሰዋል። በመንግሥት እጅ በነበረበት ጊዜ ተራው ሕዝብ ሊገባበት የማይችለው ቤት አሁን ቡና መጠጫ ለሚከፍል ሁሉ ክፍት ነው። መንግሥት ለጥገናው ገንዘብ ባላገኘ ጊዜ ከፈራሽነት ወይም ቆሞ ከማርጀት የዳነውም በዚህ መንገድ ነው። ይህን ጥቅም መካድ አይገባም።

የሚጠፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ሆቴል ነጋዴ ነው፤ ነጋዴም ከታሪክ የሚመርጠው የሚሸጠውን ነው። ለእንግዳው ጎልተው የሚቀርቡት የቸርችል ስም፣ የሃልዴን ክፍል፣ የስለላ ልብ ወለዶችና በሕንፃው አካባቢ የተቀረጹ ፊልሞች ናቸው፤ ከምድር ቤት አንዱ መጠጥ ቤት እንኳ በሰላዮች ስም ተሰይሟል። የጎጃሙ ተልእኮ፣ የ1941 ክርክር፣ የኦጋዴንና የኤርትራ አስተዳደር ግን ለእራት ጨዋታ የሚሆኑ አይደሉም። ድንጋዩ በሆቴሉ ሲቀር መዝገቡ በኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄዷል። ወለሉ ከወረቀት ሸክም ሲቀልል ሕንፃውም ከምስክርነቱ ይለያያል። አንዱን ቱሪስት ያየዋል፤ ሌላውን ተመራማሪ ብቻ ያነበዋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ካልተገኘ በቀር ግድግዳው ዲዳ፣ መዝገቡም ቤት አልባ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የሙያው ኃላፊነት ከግንቡ ጥንካሬ አያበቃም። አንድ ታሪካዊ የመንግሥት ሕንፃ ለሌላ ተግባር ከመሰጠቱ በፊት ሦስት መዝገብ ሊዘጋጅለት ይገባል። የመጀመሪያው የአካሉ መዝገብ ነው፤ መሠረቱ፣ ግንቡ፣ ወለሉ፣ ጣራው ተለክቶ ይሣላል። ሁለተኛው የጌጡ መዝገብ ነው፤ የሚጠበቀውና የሚታደሰው ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል። እነዚህን ሁለቱን ማንኛውም ጠንቃቃ ድርጅት ያዘጋጃል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የአገልግሎቱ መዝገብ ነው፤ በየትኛው ክፍል ማን እንደ ተቀመጠ፣ ምን እንደ ተወሰነ፣ ውሳኔውም የማንን ሕይወት እንደ ነካ ከንድፉ ጋር ተያይዞ ሊቀመጥ ይገባዋል። መሐንዲሱ የታሪክ ጸሐፊ አይደለም፤ ነገር ግን ግድግዳው ከመፍረሱና ቁጥሩ ከበሩ ላይ ከመነሣቱ በፊት የክፍሎቹን ዝርዝር በእጁ የያዘ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። እርሱ ያልጻፈውን በኋላ የሚመጣው የታሪክ ሰው ከየት ያገኘዋል?

ለኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም የሚቀር ሥራ አለ። ስለ 1930ዎቹ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተጻፈው ሰነድ ከፊሉ በአገር ውስጥ፣ ከፊሉ በለንደን ይገኛል፤ የተጻፈበትም ቤት የት እንደ ነበር ይታወቃል። የዋይትሆሉ ሕንፃ ሆቴል መሆኑ የሚያስቆጭ ነገር አይደለም። የሚያስቆጨው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አገራቸው በምን ስም ተመዝግባ እንደ ነበርና ያ ስም እንዲፋቅ ማን ምን እንደ ደከመ የሚያስታውስ ቢጠፋ ነው። ድንጋይ የተሰጠውን ሸክም ሁሉ ይሸከማል፤ ትዝታን የሚሸከመው ግን ሰው ብቻ ነው።